ቮልሷ ስትሞቅ «ቀጭ» ብላ ዝም ትላለች፤ ባትሪም ሞተሪኖም ቀይሬያለሁ

ባለ ሰማያዊዋ (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቮልስ የነካካችሁ ሰዎች ካላችሁ እባካችሁ አግዙኝ። ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ግን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

መኪናዋ የ1969 ሞዴል 1300 ናት (ዓመቱ በፈረንጅ ነው)። 12 ቮልት ናት፣ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞዋም ያው የጥንቱ ነው። አባቴ በ1976 ዓ.ም. ገዝቷት እስኪያርፍ ድረስ ከእጁ አላወጣትም። እኔንም እህቶቼንም ትምህርት ቤት ያመላለሰችን እሷ ናት። እሱ ካረፈ በኋላ ሁለት ዓመት ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆመች፣ አምና ነው አስነስቼ መንዳት የጀመርኩት። ልሸጣት አልፈልግም። እንድትድንልኝ ነው የምፈልገው።

ጠዋት ስትነሳ ምንም የለባትም፣ ቁልፉን አንዴ ሳዞር ትነሳለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ከነዳኋት በኋላ አጥፍቼ እንደገና ላስነሳ ስል ግን አንድ ጊዜ «ቀጭ» ትልና ዝም። ሞተሩ ጭራሽ አይዞርም። የዳሽቦርዱ መብራት ግን አይደበዝዝም፣ ክላክሱም በደንብ ይጮኻል። ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ቆማ ከቀዘቀዘች ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ባለፈው ቅዳሜ ከሶደሬ ስመለስ ፍራንኮ ጋ ዳቦ ልገዛ አጠፋኋትና እዚያው ቀረች። የባጃጅ ልጆች ናቸው ገፍተው ያስነሱልኝ፣ እግዜር ይስጣቸው።

ሁለተኛው ችግር ማታ ነው። የፊት መብራት ሳበራ ቀይዋ የቻርጅ መብራት ደብዘዝ ብላ ትታያለች። ነዳጅ ስሰጥ ትቀንሳለች እንጂ አትጠፋም።

ሦስተኛ፣ ይሄ በቅርብ የመጣ ነው፣ ሞተሩ ሲሞቅ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት ዝግ ብሎ መዞር) አይይዝም። ትራፊክ መብራት ላይ እግሬን ከነዳጅ ሳነሳ ይጠፋል። ጠፋ ማለት ደግሞ ያው «ቀጭ» ነው፣ ከኋላዬ ሰው ሁሉ ይጮህብኛል።

እስካሁን ባትሪ አዲስ ገዛሁ፣ ለውጥ የለም። አንድ ጋራዥ «ሞተሪኖው ነው» ብሎ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ዕቃ አስቀየረኝ፣ ሁለት ቀን የተሻለ መሰለኝና ተመለሰ። ሌላ ቦታ ደግሞ ቦቢናውን (ለካንዴላ ብልጭታ ኃይል የሚሰጠውን) ቀየሩት። አሁን «ዲናሞውን አውጣና አልተርኔተር አስገባ» እየተባልኩ ነው። ገንዘቡም ያሳስበኛል፣ ከገንዘቡ በላይ ግን ማንም ሳይለካ እየቀየረ መሄዱ አሳስቦኛል።

ከጠቀመ ልጨምር። ባለፉት አራት ወራት የፍሪሲዮን ካቦ ሁለት ጊዜ ተበጥሶብኛል። የነዳጅ ካቦውም እየደረቀ ፔዳሉ ከብዷል። ይሄ ከኤሌክትሪኩ ጋር እንደማይገናኝ አውቃለሁ፣ መኪናዋ ላይ ያለውን ሁሉ ለመናገር ያህል ነው።

መልቲሜትር አለኝ፣ ቮልት መለካት እችላለሁ። ከየት ልጀምር?


ታክሲ የነበረኝ

ወንድሜ ይሄ የቤንዚን ነገር ነው። አዳማ ይሞቃል፣ ሞተሩ ሲግል ቤንዚኑ ፖምፓው ውስጥ ይፈላና አየር ይሆናል። እኔ ድሮ እርጥብ ጨርቅ ፖምፓው ላይ ጣል አደርግ ነበር፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም ትነሳለች። ሞክረው።


የናዝሬት መካኒክ

ልጄ ሰላም ነው። አባትህን ነፍሱን ይማረው። 38 ዓመት ጋራዥ ውስጥ ሠርቻለሁ፣ ከዚያ ውስጥ ብዙው በቮልስ ነው ያለፈው፣ ስለዚህ ጉዳይህ ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት።

መጀመሪያ የቤንዚኑን ነገር እንተወው። ታክሲ የነበረው ወንድማችን ያለው ችግር በእውነት አለ፣ በዚህ ሙቀት ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ግን ቤንዚን ሲፈላ ሞተሩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይነሳም። የአንተ ጭራሽ አይዞርም። የማይዞር ሞተር ጉዳዩ ከባትሪ፣ ከሽቦ፣ ከሞተሪኖ አያልፍም።

አሁን አንተ «አይገናኝም» ብለህ መጨረሻ ላይ የጣልካትን ነገር ላንሳ። የፍሪሲዮን ካቦ በአራት ወር ሁለቴ አይበጠስም። አንድ ካቦ በደንብ ከገባ ዓመታት ይቆያል። የነዳጁም አብሮ ከደረቀ እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ማሳውን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መንገድ ነው።

ላስረዳህ። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) የተቀመጡት በጎማ ላይ ነው። ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የባትሪው ኔጌቲቭ የታሰረው ቦዲው ላይ ነው። ሞተሪኖው ግን የታሰረው ካምቢዮው ላይ ነው። ታዲያ ከሞተሪኖው ወደ ባትሪው መመለሻው በምንድን ነው? ከካምቢዮው የፊት ጫፍ ወደ ሻንሲው የምትሄድ አንዲት የተጎነጎነች ጠፍጣፋ የመዳብ ገመድ አለች። እሷ ናት መመለሻው። ከመኪናው ሥር ናት፣ ጭቃና ዘይት ይጠጣታል፣ 50 ዓመት ማንም አያያትም። እሷ ስትበላሽ ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ከቦዲው ወደ ሞተር የሚሄድ ሌላ ብረት ምን አለ? የፍሪሲዮን ካቦና የነዳጅ ካቦ። ያ ሁሉ ኃይል በቀጭን ካቦ ሲያልፍ ካቦው ይግላል፣ ግራሶው ይቃጠላል፣ ይደርቃል፣ መጨረሻ ላይ ይበጠሳል። ባንተ ላይ የደረሰው ይሄ ይመስለኛል።

ስለዚህ ምንም ዕቃ አትግዛ። እንዲህ አድርግ። መልቲሜትሩን ቮልት ላይ አድርግ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ራሱ ላይ (ማያዣው ላይ ሳይሆን እርሳሱ ላይ)፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ ንጹሕ ብረት ያለበት ቦታ ያዝ። ረዳትህ ቁልፉን ያዙር። በዚያን ጊዜ የሚያሳይህን ቁጥር ጻፍልኝ። ግማሽ ቮልት ካለፈ መንገዱ ተበላሽቷል። ጤነኛው ከዚያ በጣም ያንሳል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው አይደል? አዲሱ ባትሪ ሲገባ ሽፋኑን መልሰውልሃል? የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጭንቅላት ከነካ እሳት ነው። ከኋላ ወፍራም ሰው ሲቀመጥ ወንበሩ ይወርዳል። በዚህ የተቃጠለች ቮልስ በዓይኔ አይቻለሁ። ሽፋን ከሌለ ወፍራም ጎማ ቆርጠህ ዛሬውኑ አልብሰው፣ ሌላው ይደርሳል።


የኤሌክትሪክ ተማሪ (አዳማ)

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። ባለ ሰማያዊዋ፣ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ያንን የማሳ ገመድ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርገህ ከለካኸው «ዜሮ ነው፣ ጤነኛ ነው» ይልሃል። አትመነው። መልቲሜትሩ የሚልከው ኃይል በጣም ትንሽ ነው፣ አንድ ክር ብትቀር እንኳ ያልፋል። ሞተሪኖ ግን 150 አምፒር እና ከዚያም በላይ ይስባል። ገመዱ ላይ 0.01 ኦም ብቻ ተጨማሪ መቋቋም ቢኖር 150 ሲባዛ በ0.01፣ 1.5 ቮልት እዚያው ጠፋ ማለት ነው። 0.01 ኦም ደግሞ በተራ መልቲሜትር አይታይም። ለዚህ ነው ቁልፉ እየዞረ መለካት ያለበት።

ስትሞቅ ብቻ የሚብሰውም ለዚህ ነው። መዳብ በሞቀ ቁጥር መቋቋሙ ይጨምራል፣ በ60 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ ሩብ የሚጠጋ ጭማሪ አለው። የሞተሪኖው ማስነሻ ጥቅልል ራሱ መዳብ ነው፣ ከጭስ ማውጫው ብዙም አይርቅም። ጠዋት ለጥቂት የሚበቃው ቮልት ከሰዓት አይበቃም።

የዳሽቦርዱ መብራት የማይደበዝዘውም ባትሪው ጤነኛ ስለሆነ ነው። ያ ሁሉ አምፒር መሄድ ስላልቻለ ባትሪው ጫናው አልደረሰበትም። ባትሪው ደክሞ ቢሆን ኖሮ ቁልፉን ስታዞር መብራቱ ጥፍት ይል ነበር። በግምት አዲስ ባትሪ ከመግዛትህ በፊት ይሄ ብቻ ይነግርህ ነበር።


እህት ከሐዋሳ

ሰላም ወንድሜ። እኔም የአጎቴን 1500 ነው የምነዳው፣ ሐዋሳም እንደ እናንተ ይሞቃል። የናዝሬቱ ጋሼ ስለ ማሳው ያሉት ላይ የምጨምረው የለኝም። ስለ ሚኒሞው ግን ልጠይቅህ። «በቅርብ የመጣ ነው» ብለሃል። ከመቼ ጀምሮ? ቦቢናው ከተቀየረ በኋላ ነው?

የምጠይቅህ በምክንያት ነው። ከቦቢናው 15 ቁጥር ላይ (ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ከሚያገኘው ጫፍ) ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ወደ ካርቡሬተሩ ይሄዳሉ። አንዱ ለቾኩ ነው። ሌላው ለሚኒሞው ኤሌክትሪክ ጂግለር ነው፣ ቁልፍ ሲጠፋ ቤንዚኑን የሚዘጋው ማለት ነው። ያ ጂግለር ኤሌክትሪክ ካላገኘ የሚኒሞ ቤንዚን አያልፍም፣ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ይጠፋል። ጠዋት የማይታወቅህ ቾኩ ሞተሩን ከፍ አድርጎ ስለሚይዘው ነው። ሲሞቅ ቾኩ ይለቃል፣ ያኔ ይጋለጣል።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉን ብቻ ክፈት። የጂግለሩን ሽቦ ነቅለህ መልሰህ ንካው። ቀጭ የሚል ትንሽ ድምፅ መስማት አለብህ፣ በጣትም ይታወቃል። ድምፅ ከሌለ ወይ ሽቦው አልደረሰም ወይ ጂግለሩ ሞቷል። ሞክረህ ስትጨርስ ቁልፉን መልሰህ ዝጋ። ፑንቲናው (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚከፍትና የሚዘጋው) ተገናኝቶ ከቆመ ቦቢናው ሳያስፈልግ ይግላል።

እግረ መንገድህን ኮፈኑን ከፍተህ ሳለ የቤንዚን ቱቦዎቹን እያቸው። እባክህን ይሄን ቸል አትበል። መኪናዋ ሁለት ዓመት ቆማ ነበር ብለሃል፣ ቱቦው ደርቆ ሊሰነጠቅ ይችላል። ፖምፓው ከዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ ነው፣ ትንሽ ካፈሰሰ የሚያርፈው ብልጭታ ላይ ነው። ካርቡሬተሩ ላይ ቱቦው የሚገባባትን ትንሿን የብረት አፍ በእጅህ ወዝወዝ አድርጋት፣ ከላላች ንዝረት ያወጣታል። እኔ ከነቤተሰቤ ስሄድ ቱቦው ወልቆ የቤንዚን ሽታ ነው ያዳነን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ሳላያት አልነሳም።

አልተርኔተሩን አሁን አትግዛ። የድሮው ዲናሞ ለዚህች መኪና ይበቃታል።


ታክሲ የነበረኝ

የሞተሩን አለመዞር ልብ ሳልል አነበብኩ፣ ይቅርታ። ጋሼ እውነታቸውን ነው። የፍሪሲዮን ካቦው ነገር ግን ገርሞኛል፣ እኔም በአንድ ዓመት ሦስቴ ቀይሬ አውቃለሁ፣ ካቦው ጥራት የለውም ብዬ ነበር የተውኩት።


ባለ ሰማያዊዋ (አዳማ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት አደረግሁ። እህቴ ቁልፉን ስታዞር እኔ ለካሁ። 2.3 ቮልት! ሦስቴ ደገምኩት፣ ያው ነው።

ከዚያ መኪናዋን ጎሚስታ ቤት ወስጄ በክሪክ አስነሳኋትና ከሥሯ ገባሁ። ከታች እንጨት ደግፌበታለሁ። ገመዷን ያገኘሁት ካቻቪቴ ይዤ ጭቃውን ፍቄ ፍቄ ነው። አረንጓዴ ሆናለች። ግማሹ ክር ተበጥሷል፣ የሻንሲው በኩል ያለው ቡሎን ደግሞ ዝጎ በእጅ ይዞራል። እሷን ሳይ እውነት ለመናገር ተናደድኩ። ሞተሪኖውን የቀየሩት ሰዎች ከዚህች ገመድ አንድ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ነው የሠሩት።

የባትሪውም ሽፋን የለም። የወንበሩ ሽቦ ከባትሪው ጭንቅላት የሁለት ጣት ያህል ነው የሚርቀው። ከውስጥ ቱቦ ጎማ ቆርጬ ድርብ አድርጌ አልብሼዋለሁ። ልጆቼ ከኋላ ነው የሚቀመጡት። ጋሼ፣ ለዚህ ብቻ እንኳ ውለታዎን አልረሳም።

እህቴ ከሐዋሳ፣ አዎ! ሚኒሞው የጀመረው ቦቢናው ከተቀየረ በኋላ ነው። አስቤበት አላውቅም ነበር። የጂግለሩ ሽቦ ቦቢናው ላይ ጫፏ ሰፍቶ እንዲሁ ተንጠልጥላለች፣ ሲነኳት ትገናኛለች፣ ሲለቋት ትለያለች። በፒንሳ ጠበቅ አድርጌ አስገባኋት። ቀጭ አለ። ሚኒሞው ተመለሰ፣ አሁን ትራፊክ መብራት ላይ ዝግ ብሎ ይሠራል።

ለማሳው ገመድ ምን ልግዛ? የድሮው ዓይነት ከየት ይገኛል?


የናዝሬት መካኒክ

2.3! በዚያ ላይ እስካሁን መነሳቷ ይገርማል።

ገመዱ የግድ የቮልስ መሆን የለበትም። ጠፍጣፋ የተጎነጎነ የባትሪ ማሳ በማንኛውም መለዋወጫ ቤት አለ፣ ርዝመቱን ከድሮው ጋር አስተያይ፣ ሞተሩ ሲወዛወዝ እንዳይወጠር ትንሽ ይላላ። የቮልስ የሆነ ዕቃ ሲያስፈልግህም አትፍራ፣ ይቺ መኪና ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 በፈረንጅ ስትሠራ ነበር፣ ከ21 ሚሊዮን በላይ ናት። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ስትሄድ የድሮውን ዕቃ በእጅህ ይዘህ ሂድ፣ በቃል አትጠይቅ።

ከገመዱ ይልቅ ሥራው ነው ቁም ነገሩ። መጀመሪያ ባትሪውን ከኔጌቲቭ በኩል ፍታው። ቡሎኑ የሚያርፍበትን ቦታ በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፍቀው። ቀለም ከቀረ አልሠራህም። ዝገት የበላውን ቡሎን፣ ዳዶና ራንዴላ በአዲስ ለውጥ። አጥብቀህ ስታስር ከላይ ግራሶ ቀባው፣ ውሃ እንዳይገባ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ቦዲው ላይ የታሰረበትንም እንደዚሁ። ከዚያ እንደገና ለካ።

ይሄ ሲያልቅ ሌላ አንድ ልኬት አለ። ከቁልፉ ወደ ሞተሪኖው 50 ቁጥር (ተነሳ የሚለውን ትእዛዝ የሚቀበልበት ጫፍ) የሚሄደው ሽቦ ከዳሽቦርድ እስከ መኪናው ጭራ ነው የሚጓዘው፣ በየመገናኛው ይደክማል። መኪናዋ በጣም ስትሞቅ ረዳትህ ቁልፉን እንዳዞረ 50 ቁጥር ላይ ያለውን ቮልት ለካ፣ ወዲያው ደግሞ የባትሪውን። ልዩነቱ ከአንድ ቮልት ካለፈ ሞተሪኖው አጠገብ አንድ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚከፍት ማብሪያ) ጨምር። ሪሌው 30 ከሞተሪኖው ወፍራም ቡሎን፣ 87 ወደ 50 ቁጥር፣ ድሮ 50 ላይ የነበረው ሽቦ ወደ 86፣ 85 ወደ ማሳ። ከ30 እና ከ87 ያለው ሽቦ 4 ሚሊሜትር ካሬ ይሁን፣ ቀጭን አታድርግ። ከመሥራትህ በፊት ባትሪውን ፍታ፣ ያ ወፍራም ቡሎን ሁልጊዜ ኃይል አለበት። ማርሹም ዜሮ ላይ ይሁን።

አሁንም ካስቸገረ ሞተሪኖውን ሲቀይሩ የነሐስ ቡሹን ቀይረው እንደሆነ ጠይቃቸው። የሞተሪኖው ዘንግ ጫፍ የሚሽከረከርበት ቡሽ የሚቀረው ካምቢዮው ላይ ነው፣ አዲስ ሞተሪኖ በአሮጌ ቡሽ ሲገባ ዘንጉ ይጋደምና ሲሞቅ ይይዛል።


ባለ ሰማያዊዋ (አዳማ)

ገመዱን ከገዛሁ በኋላ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ስፍቅ ዋልኩ። አሁን 0.1 ቮልት ነው። በልኬቱ ተገርሜ ለእህቴ ደግሜ ደግሜ አሳየኋት።

ከሰዓት ሆን ብዬ ወንጂ ደርሼ ተመለስኩ። አጠፋሁ፣ አስነሳሁ። አምስት ጊዜ ደጋገምኩት። አራቱን ወዲያው ተነሳች፣ አንዴ ግን «ቀጭ» አለችና በሁለተኛው ነው የተነሳችው። ስለካ ባትሪው ላይ 11.4 ሆኖ ሳለ 50 ቁጥር ላይ 9.1 ብቻ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ሪሌውን ጨመርኩ። ጋሼ እንደጻፉልኝ ነው የሠራሁት፣ የኤሌክትሪክ ተማሪው ልጅም መጥቶ አየልኝ፣ ቡና ጠጥተን ነው የተለያየነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ «ቀጭ» ብላ አልቀረችም።

የፍሪሲዮን ካቦውንና የነዳጁን ሁለቱንም አዲስ አስገባሁ። የድሮዎቹን ሳወጣቸው ጠቁረዋል፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ በእሳት እንደተነኩ ያሳያሉ።

የቀረኝ ቀይዋ መብራት ናት። በጣም ቀንሳለች፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋችም። ዲናሞው ነው?


የኤሌክትሪክ ተማሪ (አዳማ)

ዲናሞውን ገና አትንካው። ሞተሩን ትንሽ ከፍ አድርገህ የፊት መብራቱ በርቶ ባትሪው ላይ ለካ። 13.8 አካባቢ ከሆነ ዲናሞውም ሬጉሌተሩም ጤነኞች ናቸው።

ያቺ መብራት በአንድ በኩል ከዲናሞው፣ በሌላ በኩል ከቁልፉ ነው ኤሌክትሪክ የምታገኘው። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ትጠፋለች። ዲናሞው 14 እየሰጠ ወደ ቁልፉ የሚሄደው መስመር ላይ መገናኛው ቆሽሾ 12.5 ብቻ ከደረሰ፣ በልዩነቱ ትንሽ ትበራለች። መብራት ስታበራ የሚብሰው በዚያ መስመር ብዙ ኃይል ስለሚያልፍ ነው። የፊውዝ ሳጥኑን ክፈት፣ እነዚያ ጫፋቸው ሾጣጣ የሆኑ ፊውዞች መያዣቸው ላይ ነጭ ዱቄት ያወጣሉ። ባትሪውን ፈትተህ አንድ በአንድ አውጥተህ አጽዳ። 8 አምፒር የነበረበት 8፣ 16 የነበረበት 16 ይመለስ። ሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ የሚያስገባ ሰው አይቻለሁ፣ ያ መኪና ማቃጠል ነው።


የናዝሬት መካኒክ

ትክክል ነው። አንድ ነገር ግን ልጄ፣ የቀይዋን መብራት ነገር በሁለት ለይተህ እያት። ደብዘዝ ስትል ጊዜ አለህ። እየነዳህ ድንገት ቦግ ብላ ከበራች ግን፣ በተለይ ወደ አዲስ በፍጥነት መንገዱ ስትወጣ፣ ወዲያው ዳር ያዝና አጥፋ። ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በቮልስ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ነው ማራገቢያውንም የሚያዞረው። ይቺ ሞተር ውሃ የላትም፣ ነፋሱ ከቆመ በጥቂት ኪሎ ሜትር ትበላሻለች። «ቻርጅ ነው፣ ቤት ስደርስ አየዋለሁ» ያሉ ስንቱን ሞተር ጨርሰዋል።

ቺንጋውን በአውራ ጣትህ ስትጫነው አንድ፣ ቢበዛ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ይግባ። ከላላ ቺንጋው ከሚዞርበት ከፑሌጃው መሐል ካሉት ስፔሶሮች (ስስ የብረት ቀለበቶች) አንዱን አውጥተህ ወደ ውጭው አድርገው፣ አትጣለው፣ በሌላ ጊዜ ያስፈልጋል። ትርፍ ቺንጋ ሁልጊዜ ይኑርህ።

ሌላው፣ ሁለት ዓመት ቆማ ከተነሳች ቫልቮቿን ማን ለካ? ዘይቱስ? 2.5 ሊትር ብቻ ነው የምትይዘው፣ ፊልትሮ የላትም፣ ወንፊት ብቻ ነው ያላት፣ ስለዚህ ዘይቷ አይዘግይ። የአየር ማጽጃዋም በዘይት ነው የምትሠራው፣ በናዝሬት ነፋስና አቧራ ቶሎ ጭቃ ይሆናል። ቫልቩን ጠዋት ሳትነሳ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ ለካ። ክፍተቱ 0.15 ሚሊሜትር ይሁን። የ3ኛውን ሲሊንደር የጭስ ቫልቭ ለይተህ ቁጥሩን ጻፍልኝ፣ የዘይት ማቀዝቀዣው ነፋሱን ስለሚከለክለው እሱ ከሁሉም በላይ ይግላል።


እህት ከሐዋሳ

ፊውዞቹን ስታጸዳ ሚኒሞውንም በደንብ አስተካክል። አባትህ መኪናዋን አዲስ አበባ ያሠራት ከነበረ፣ እዚያ ለ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ የተስተካከለ ካርቡሬተር አዳማ 1,700 ሜትር ላይ ሲወርድ አየሩ ስለሚበዛ ቤንዚኑ ያንሰዋል። ትንሽ ነው፣ ግን ይታወቃል። መጀመሪያ ግን ጋሼ ያሉትን ቫልቭ ጨርስ፣ ካርቡሬተር የመጨረሻ ነው።


ባለ ሰማያዊዋ (አዳማ)

ባትሪው ላይ 13.9። ፊውዞቹን አጸዳሁ፣ ሁለቱ መያዣ ላይ ዱቄት ብቻ ነበር። ትናንት ማታ መብራት አብርቼ ከተማውን ዞርኩ፣ ቀይዋ ጥፍት ብላለች። ሳያት እንባዬ ነው የመጣው፣ አባቴ ይሄን መብራት እየጠቆመ «እሷ ካልጠፋች አትንቀሳቀስ» ይለኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ቫልቮቹን ለካሁ። ሰባቱ ከ0.10 እስከ 0.15 ናቸው። ጋሼ፣ የ3ኛው ጭስ 0.05 የምትለዋ የክፍተት መለኪያ ላሜራ እንኳ በግድ ነው የምትገባው። ሁሉንም 0.15 አድርጌያቸዋለሁ።


የናዝሬት መካኒክ

ለዚህ ነው ለይተህ ንገረኝ ያልኩህ። ቫልቭ ሲንኳኳ አይደለም የሚያስፈራው፣ ዝም ሲል ነው። ክፍተት ከሌለው በደንብ አይዘጋም፣ ካልዘጋ አይቀዘቅዝም፣ ይቃጠላል።

አሁን በቀስታ ንዳት። 500 ኪሎ ሜትር ስትሞላ ያንኑ ቫልቭ እንደገና ለካ፣ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ። 0.15 ላይ ከቆየ እሰየው፣ በየ5,000ው እያየህ ቀጥል። እንደገና ከጠበበ ግን ቫልቩ እየተለጠጠ ነው ማለት ነው፣ አንገቱ ተቆርጦ ፒስተኑን ይመታዋል። ያኔ አንድ ኪሎ ሜትር አትንዳት፣ ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ) ይወርዳል። ቁጥሩን እዚሁ ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።